ቢሮ ውስጥ ኔክሰስ ለመትከል፦ ሜቨንና ኤንፒኤም

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። ቢሮአችን ካዛንቺስ ነው፤ 12 ዴቨሎፐር ነን፣ በጃቫና በአንጉላር እንሠራለን። ኢንተርኔት በተቆራረጠ ቁጥር ቢልድ መሃል ላይ ይቆማል፤ የራሳችንን ጃር ደግሞ በፍላሽ ነው የምንቀባበለው። 8 ጊጋ ራምና 500 ጊጋ ዲስክ ያለው ትርፍ ኡቡንቱ ማሽን አለን። ምን እንጫንበት?

የፒያሳው፦ ኔክሰስ ጫኑበት፤ ሜቨን (የጃቫው) እና ኤንፒኤም (የአንጉላሩ) ከኢንተርኔት የሚያወርዷቸውን ላይብረሪዎችና የራሳችሁን ጃር ቢሮ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰርቨር ነው። ግን ማሽኑን ለሌላ ሥራ አታጋሩት። በነባሪ ሂፑ (ጃቫ ለፕሮግራሙ የሚይዘው ራም) ብቻ 2703 ሜጋ ነው፣ ከሂፕ ውጭም ያንኑ ያህል እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። ጄንኪንስን (ቢልድ በራሱ የሚያስሮጠውን ሰርቨር) እዚያው ከደረባችሁበት ስዋፕ (ራም ሲሞላ በዲስክ መጠቀም) ውስጥ ገብቶ ይንቀራፈፋል።

በሩት (በሊኑክሱ ዋና ዩዘር) አታስነሱት፣ የራሱን ዩዘር ክፈቱለት። ፖርቱ 8081 ነው። የመጀመሪያውን ፓስወርድ ሶናታይፕ-ወርክ ፎልደር ውስጥ «አድሚን.ፓስወርድ» በሚል ፋይል ታገኙታላችሁ።

ሪፖው (ማከማቻው) ሦስት ዓይነት ነው፤ ፕሮክሲ ከውጭ አምጥቶ ያስቀምጣል፣ ሆስትድ የእናንተን ይይዛል፣ ግሩፕ ሁለቱን በአንድ አድራሻ ያቀርባል። የሜቨኑ ተሠርቶ ነው የሚመጣው፣ ግሩፑም «ሜቨን-ፐብሊክ» ይባላል። የኤንፒኤሙን እናንተው ትፈጥራላችሁ። ከዚያ በየሰዉ ማሽን የሜቨን ሴቲንግስ ፋይል ላይ ሚረር (ሜቨን በውጭው ምትክ የሚሄድበት አድራሻ) ጨምሩ፤ ሚረርኦፍ ላይ * ብቻ፣ ዩአርኤሉ የግሩፑ። የማውረጃውን አድራሻ ፖም (የፕሮጀክቱ የሜቨን ፋይል) ውስጥ አትጻፉ፤ ከሜቨን 3.8.1 ወዲህ እዚያ የተጻፈ ተራ ኤችቲቲፒ ይታገዳል።

ባለሊኑክሷ፦ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ነገር እንደ ዋዛ አትዩት። እየጻፈ ሳለ መብራት ከጠፋ ዳታቤዙ ሊበላሽ ይችላል፤ ያለ ዳታቤዝ ደግሞ ዲስክ ላይ ያለው ጃር በራሱ ስም ያልተቀመጠ ብሎብ (ጥሬ ፋይል) ነው። ባክአፕ ስትወስዱም ዳታቤዙንና ብሎብ ስቶሩን (ብሎቦቹ ያሉበትን ፎልደር) አንድ ላይ ውሰዱ። ስናፕሾት (ገና እየተሠራ ያለ ቨርዥን) ሰርዛችሁ ቦታ ካልተለቀቀ አትገረሙ፤ «ኮምፓክት ብሎብ ስቶር» የሚለው ታስክ እስኪሮጥ ድረስ ዲስኩ ላይ ይቆያል።

ፔንግዊን፦ የራሳችሁን የኤንፒኤም ፓኬጅ ያለ ስኮፕ (ከስሙ በፊት በ@ የሚጻፍ የድርጅት መለያ) አትሰይሙ። በ2021 ይፋ የወጣው የዲፔንደንሲ ኮንፊውዥን ጥቃት መግቢያው ይሄ ነው፤ ግሩፑ ውስጡንም ውጩንም ስለሚያይ፣ ማንም በዚያው ስም ከፍ ያለ ቨርዥን ውጭ ላይ ቢለቅ ቢልዳችሁ የሱን ሊያወርድ ይችላል። ስኮፕ ከሰጣችሁት በኋላ ፕሮክሲው ላይ ራውቲንግ ሩል (የትኛው ስም ወደ ውጭ እንደሚጠየቅ የሚወስን ደንብ) አድርጋችሁ ያ ስም ወደ ውጭ እንዳይጠየቅ ዝጉት።

ጠያቂ፦ ተክለነዋል፣ ማውረዱ ይሠራል፤ እግዜር ይስጥልን። የራሳችንን ጃር ዲፕሎይ ስናደርግ (ወደ ኔክሰስ ስንጭን) ግን አንዱ ማሽን 401፣ ሌላው 400 የሚል የስህተት ቁጥር ያሳያል።

የፒያሳው፦ 401 ለሚለው፣ ሴቲንግስ ላይ ያለው የሰርቨር አይዲና ፖሙ ዲስትሪቢውሽን ማኔጅመንት (ጃሩ የሚጫንበት ሪፖ የሚጻፍበት ክፍል) ላይ ያለው አይዲ በፊደል አንድ መሆናቸውን እዩ። ከሆኑ ፓስወርዱ ነው። 400 የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የተጫነን ቨርዥን ደግሞ ለመጫን ሲሞከር ነው፤ የሪሊዝ (ያለቀለት ቨርዥን) ሪፖ ይህን በነባሪ ይከለክላል። ክልከላውን እንዳታነሱት! አንዱ ጋ አሮጌው 1.0.3፣ ሌላው ጋ አዲሱ 1.0.3 ይቀመጥና ስህተቱ መያዣ መጨበጫ ያጣል። 1.0.4 በሉት፤ ገና እየተነካካ ከሆነ ስናፕሾት።

ባለሊኑክሷ፦ ከተጫነ በኋላም «የለም» ካለ ሜቨን አንዴ ያጣውን ስለሚያስታውስ ነው፤ በ-ዩ (ትልቁ ዩ) አስሮጡት። የኔክሰሱ ፕሮክሲም ያጣውን ነገር ለ1440 ደቂቃ ይይዛል፣ ሪፖው ገጽ ላይ «ኢንቫሊዴት ካሽ» የሚለውን ተጫኑ።