ጣና ላይ የሚደፋው የሞተር ዘይት "ትንሽ ነው" ይባላል፤ እውነት ትንሽ ነው?

የዘጌ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ቤተሰቦቼ ግን ዘጌ ናቸው። ስለዚህ በወር አንድ ሁለቴ በጀልባ እመላለሳለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ተሳፋሪ እስኪሞላ ስንጠብቅ አጠገባችን የቆመው ጀልባ ዘይት እየተቀየረለት ነበር። ልጁ ታፖውን ፈታና ጥቁሩን ዘይት በቆርቆሮ ተቀበለ። ጎበዝ ብዬ ሳልጨርስ አንስቶ ሐይቁ ላይ ደፋው። ሦስት አራት ሊትር ይሆናል። መጀመሪያ ጥቁር ሆኖ ውሃው ላይ ተኛ፣ ከዚያ እየሳሳ ሄዶ የቀስተ ደመና ቀለም አወጣ፣ እኛ ስንነሳ ደንገሉ ሥር ገብቶ ነበር። "ምነው?" ስለው "ይሄን የሚያህል ሐይቅ ትንሽ ዘይት ምን ያደርገዋል?" አለኝ። ከዚያ በእጁ የነበረውን ኦሞ በተነበት፣ ቀለሙ ጠፋ፣ "ይኸው ጠራ" አለ። ክፉ ልጅ አይደለም። የእናቴን ዕቃ ተሸክሞ የሚያወርድላት እሱ ነው።

መልስ አጣሁ። እናቴ ዛሬም ከሐይቁ ዳር ነው ውሃ የምትቀዳው፣ እሱ ነው ሲከነክነኝ የሰነበተው።

በዜና የምንሰማው የትልልቅ መርከቦች ነው። ቀይ ባሕር ላይ፣ የየመን ዳርቻ፣ አርጅቶ የቆመ ዘይት ጫኝ መርከብ ነበር፣ ሊፈነዳ ነው ሲባል የከረመው። ያ በሚሊዮን በርሜል ነው፣ የኛ አራት ሊትር። ሁለቱ ይገናኛሉ ወይ? ኦሞውስ እውነት ያጠራዋል? ደግሞ ልጁን ሳላስቀይመው ምን ልበለው?

ማሽን ክፍል

ወንድሜ፣ ይሄ የኔ እንጀራ ነውና ዝም ብዬ አላልፍም። ትውልዴ ሞጣ ነው፤ ባቦጋያ የመርከበኞች ማሠልጠኛ ተምሬ አሁን ጭነት መርከብ ላይ ማሽን ክፍል እሠራለሁ።

ከራሳችን ሥራ ልጀምር። መርከብ ወለሉ ሥር ሁልጊዜ ዘይት የነካው ውሃ ይጠራቀማል፣ እኛ ቢልጅ እንለዋለን። ድሮ በፓምፕ ወደ ባሕር መልቀቅ ነበር። አሁን ማርፖል የሚባል ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ወጥቶ በ1978 የተሻሻለ ነው። በዚህ ሕግ ያ ውሃ ዘይቱን በሚለይ ማሽን ሳያልፍ አይወጣም። ካለፈም በኋላ የሚቀረው ዘይት ከሚሊዮን 15 እጅ መብለጥ የለበትም። በቀላሉ፣ አምስት ትልልቅ በርሜል ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ማሽኑ ራሱ ይጮሃል፣ ይዘጋል። ያንን እንኳ የምንለቀው መርከቡ እየሄደ ሳለ ብቻ ነው። የተቀየረ ዘይት ደግሞ ጭራሽ አይጣልም፤ ወይ መርከቡ ላይ ባለው ምድጃ ይቃጠላል ወይ ወደብ ላይ እናስረክባለን። ይሄ ሁሉ መዝገብ ላይ በፊርማ ይሰፍራል። ወደብ ስንገባ ተቆጣጣሪዎች መጀመሪያ ከሚከፍቱት ነገር አንዱ ያ መዝገብ ነው። የውሸት ጽፈው አሜሪካ ላይ የታሰሩ መሐንዲሶች አሉ።

እና የዚያን ልጅ አራት ሊትር በኛ ልክ ብትለካው ከ260 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ይፈልጋል። ያውም ውቅያኖስ ላይ ላለ መርከብ የወጣ ልክ እንጂ ሰው ለሚቀዳው ውሃ አይደለም።

አሁን ወደ ትልልቆቹ። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ጉዳቱን የሚወስነው ብዛቱ ብቻ አይደለም፣ የት ፈሰሰ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 አትላንቲክ ኢምፕረስ የሚባል መርከብ ካሪቢያን ላይ፣ ቶቤጎ አካባቢ፣ ከሌላ መርከብ ተጋጭቶ 287 ሺህ ቶን ገደማ ድፍድፍ ዘይት ፈሰሰው። ከመርከብ ከፈሰሱት ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ግን ከባሕሩ ዳር ርቆ ስለነበር፣ ብዙውም ስለተቃጠለ፣ ዳርቻ ላይ የደረሰው ጉዳት ትንሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ሞሪሸስ ላይ ዋካሺዮ የሚባለው መርከብ ኮራል ድንጋይ ላይ ወጥቶ ያፈሰሰው ግን 1 ሺህ ቶን ገደማ ነው። ያ ኮራሉና ማንግሮቭ ዛፉ መሐል ገብቶ የዓሣ አጥማጁን ሥራ አስቆመ። ሁለቱን አስተያዩአቸው።

ጣናን አስቡ እንግዲህ። ጥልቅ ነው የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዙሪያው ደንገል፣ ሜዳ፣ መንደር። ዘይቱ ርቆ የሚሄድበት የለም። ወይ ዳር ይወጣል፣ ወይ በዓባይ ይወርዳል።

የጠቀስከው የየመኑ መርከብ ሴፈር ይባላል። 1.14 ሚሊዮን በርሜል ይዞ ለዓመታት ሳይጠገን ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2023 የተባበሩት መንግሥታት ሌላ መርከብ አምጥቶ ዘይቱን ገለበጠው። ያ ባይሆን ጅቡቲ ድረስ ይሰጋ ነበር፣ የኛ ናፍጣ የሚገባበት በር ማለት ነው።

ቀረሶ

እኔ የተማርኩት ስለ አሳ ነውና የኦሞውን ልመልስ፣ ምክንያቱም እሱን ሳነብ ነው ደረቴን የወጋኝ።

ኦሞ ዘይቱን አያጠፋውም። ይበታትነዋል። ላይ ተኝቶ ይታይ የነበረው ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ዓይን አያየውም፣ አሳው ግን በሚተነፍስበት በስንጥቡ ያስገባዋል። ሳሙናው ራሱም ስንጥቡን ይጎዳል። እንግሊዞች ይሄን በከባድ ዋጋ ነው የተማሩት። እ.ኤ.አ. በ1967 ቶሪ ካንየን የሚባል መርከብ ኮርንዎል ዳርቻ ላይ አለት መትቶ ተሰበረ፣ 119 ሺህ ቶን ገደማ ዘይት ይዞ ነበር። ወደ 10 ሺህ ቶን የሚጠጋ ማጽጃ ረጩበት። በኋላ ሲጠና ማጽጃ የበዛበት ዳርቻ ዘይት ብቻ ከነካው ይልቅ ፍጥረት አልቆበት ተገኘ፣ ለማገገምም ብዙ ዓመት ፈጀበት። አሁን የተሻለ ማጽጃ አለ፤ እሱም ቢሆን ጥልቅ ባሕር ላይ በባለሙያ ነው እንጂ ዳር ላይ አይረጭም።

አሳው ላይ ምን ይሆናል ለሚለው፣ የሞተው አሳ ሲንሳፈፍ ስላላየን ምንም አልሆነም እንላለን። ጉዳቱ ግን ያለው እንቁላሉና ጫጩቱ ላይ ነው። ዘይት ውስጥ ያሉ አንዳንድ ኬሚካሎች በጣም በትንሽ መጠን እንኳ የአሳ ጽንስ ልብ አፈጣጠርን ያበላሻሉ። ጫጩቱ ይፈለፈላል፣ ግን ልቡ ደካማ ነው፣ መዋኘት አይችልም፣ ሌላ ይበላዋል ወይ ይሞታል። ማንም አይቆጥረውም። ሞተር ውስጥ የሠራ ዘይት ደግሞ ከአዲሱ ይብሳል፤ ሲቃጠል የተፈጠሩ መርዞችና ከብረቱ የተፋቀ ብናኝ ይዟል።

ቀረሶ የምትባለው አሳ የት እንደምትራባ ደግሞ የሐይቁ ሰው ያውቃል። ዳር ዳሩን፣ ጥልቀት በሌለው፣ ደንገልና ሣር ባለበት። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምታስፈለፍለው። ውሃውን በአፏ እያንቀሳቀሰች እንቁላሉን ታናፍሳለች። ያ ልጅ የደፋው ዘይት የገባው እሷ ያለችበት ቦታ ነው! በዚያ ላይ ጣና ውስጥ 15 ገደማ የነጭ አሳ ዝርያዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ሌላ የትም አገር አይገኙም። እዚህ ከጠፉ ጠፉ።

ወፎቹም አሉ። የወፍ ላባ ውሃና ብርድ የማያስገባው እርስ በርሱ ስለተያያዘ ነው። ዘይት ሲነካው ይለያያል፣ ወፏን ይበርዳታል፣ ላባዋን ላጽዳ ብላ በአፏ ስትነካካ ትውጠዋለች። እ.ኤ.አ. በ1989 አላስካ ላይ ኤክሰን ቫልዲዝ የሚባል መርከብ 37 ሺህ ቶን ገደማ ሲያፈስ ሩብ ሚሊዮን ያህል ወፍ እንዳለቀ ይገመታል። ከ12 ዓመት በኋላ ዳርቻውን ሲቆፍሩ ጠጠሩ ሥር ዘይቱን አገኙት።

"ትንሽ" ለሚለው አንድ ነገር ልጨምር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካዊው ተመራማሪ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ለንደን አጠገብ ኩሬ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጎ ግማሽ ኤከር ያህል ውሃ ሲሸፍን አይቷል። በኛ ወደ አንድ ጥማድ የሚጠጋ ነው። የሞተር ዘይት ሁሌ እንደዚያ አይሳሳም፣ ግን አራት ሊትር ስንት መቶ ማንኪያ እንደሆነ አስቡት።

ባለጀልባ

ልጆቼ፣ ያላችሁትን ሁሉ አነበብኩ። እኔ ጣና ላይ ከ20 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደፍቻለሁ፣ ብዙ ጊዜ። ያስተማረኝ ሰውም ይደፋ ነበር። ለእምቦጩ ጊዜ ግን እጄ እስኪላጥ ስነቅል ውያለሁ። ያ ዓይን ላይ ይታይ ነበርና ሁላችን ወጣን። ይሄ አይታይም።

ግን ልጁን ብቻ አትውቀሱት። መነሻው ላይ የተቃጠለ ዘይት የሚያስቀምጥበት አንድ በርሜል እንኳ የለም። ወስዶ የት ያድርገው? መሬት ላይ ቢደፋው ዝናብ መጥቶ ያው ሐይቁ ነው የሚያስገባው።

እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ጀልባው ውሃ ላይ እያለ ዘይት አልቀይርም፣ ካልቸገረኝ በቀር። ከቸገረኝ ከሞተሩ ሥር ሳፋ አደርጋለሁ፣ ከሳፋው ወደ ጀሪካን። ፊልትሮውንም ዘቅዝቄ አንጠፍጥፌ ነው የምጥለው፣ እሱ ውስጥ የሚቀረው ቀላል አይደለም። ወለሉ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ከመቅዳቴ በፊት ዘይቱን በጨርቅ አነሳለሁ። ጀሪካኑ ሲሞላ የማውቀው ጋራዥ ይቀበለኛል። ለአጥር እንጨት ምስጥ እንዳይበላው እንቀባለን ብለው የሚጠይቁኝም አሉ፣ እሱን ግን ለውሃ ዳር አጥር አልሰጥም።

አንድ ጥያቄ አለኝ ለማሽን ክፍሉ። ቤንዚኑን ከዘይት ቀላቅለን የምንነዳቸው አሮጌ ሞተሮችስ?

ማሽን ክፍል

አያ ባለጀልባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንደርስዎ በግልጽ የሚናገር ሰው ማግኘት ደስ ይላል።

እነዚያ ሞተሮች ከሚጠጡት ነዳጅ የተወሰነውን ሳያቃጥሉ ነው ከጭሱ ጋር ውሃው ውስጥ የሚተፉት። በተለይ ዝግ ብለው ሲሄዱ ይብስባቸዋል። ዘይቱ ለብቻው የሚገባባቸው አዳዲሶቹ በጣም ይሻላሉ። ዋጋቸው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። እስከዚያው ዘይት በዝቶ እንዳይቀላቀል መለካት፣ ቆሞ ሲጠብቅም ሞተሩን ማጥፋት።

ሌላው ጭድ ነው። ሞሪሸስ ላይ ሕዝቡ የሸንኮራ አገዳ ገለባ በከረጢት ጠቅጥቆ እየሰፋ ውሃው ላይ አጥር ሠርቶበት ነበር። ደረቅ ገለባ ዘይት ይይዛል። ጎጃም ደግሞ የጤፍ ጭድ አይቸግርም። አሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቆ ሁለት ሦስቱን በገመድ ማያያዝና ሲፈስ ቶሎ ዙሪያውን መክበብ ነው። ውሃም ስለሚጠጣ ሳይሰምጥ ቶሎ መነሳት አለበት፣ ከብትም እንዳይበላው ርቆ ይቀመጥ።

የዘጌ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሄጄ ልጁን አገኘሁት። ስለ መርከብም ስለ ሕግም አላወራሁትም። እናቴ ከየት እንደምትቀዳ አሳየሁት፣ ከዚያ ቀረሶ እንቁላሏን በአፏ እንደምትይዝ ነገርኩት። ይሄን አያውቅም ነበር። ትንሽ ዝም ብሎ "ታዲያ የት ላድርገው?" አለኝ። ሃያ ሊትር ጀሪካን ገዝቼ ሰጠሁት፣ የሌሎቹንም ጀልባዎች እየለመነ ይቀበላቸዋል። በዚህ አያያዝ በሁለት ሳምንት ይሞላል።

አያ ባለጀልባ፣ ያ ጋራዥ የኛንም ይቀበላል?

ባለጀልባ

ይቀበላል። ከውሃ ጋር የተቀላቀለ ግን አይወድም፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርጉት። ማክሰኞ ጠዋት መነሻው ላይ ነኝ፣ ልጁን ይዘኸው ና።