ጎል አግብቶ መጨፈር ንቀት የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ባለ 6 ቁጥር፦ ያቺን የማንችስተር ዩናይትዱን የቀድሞ አምበል የሮይ ኪን ቪዲዮ ዛሬም ለጥፋችኋታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የኳታሩ ዓለም ዋንጫ ብራዚል ደቡብ ኮሪያን 4 ለ 1 ስትቀጣ ጭፈራው ተጋጣሚን መናቅ ነው ያለባትን። ከስሯ ደግሞ «እውነቱን ነው» የሚል ኮሜንት ተደርድሯል። ምኑ ነው እውነቱ? ሰው ጎል አግብቶ ይቅርታ ይጠይቅ?

ተከላካይ፦ ሰውዬው ያለውን ሙሉውን አምጣው እንጂ። የመጀመሪያዋ ጭፈራ ግድ አልሰጠችውም። በየጎሉ መደጋገሙ፣ በዚያ ላይ አሰልጣኙ ቲቴ ራሱ ገብቶ መወዝወዙ ነው ያላማረው። ሁሉም ነገር ልክ አለው።

ባለ 6 ቁጥር፦ «ልክ አለው»! እሺ ልኩ ስንት ነው? ሁለተኛው ጎል ላይ ትከሻ ብቻ፣ ሦስተኛው ላይ በዓይን ብቻ?

የመስመር ዳኛ፦ ልኩ የእግር ኳስ ሕግ 12 ላይ አለ። ደስታን መግለጽ ይቻላል፣ ግን መብዛት የለበትም። ተጠንቶ የመጣ ትርኢት አይበረታታም፣ ሰዓት ማባከንም ክልክል ነው። ማልያ ማውለቅና አጥር ላይ መውጣት ቢጫ ነው። ጭፈራ ቢጫ ነው የሚል ግን የለም።

ባለ 6 ቁጥር፦ በዚህ ልክ እኮ ነው የስፔኑ ኢኒዬስታ በ2010 ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የሟች ጓደኛውን የዳኒ ሃርኬን ስም ለማሳየት ማልያውን አውልቆ ቢጫ የተመዘዘበት። ተከላካይ፣ ልክህ ይሄ ነው?

የጥንቱ፦ ይሄን ሁሉ ያመጣብን የካሜሩኑ ሮጀር ሚላ ነው። ከ1990 በፊት ሰው አግብቶ፣ ጓደኞቹን ጨብጦ ወደ መሀል ይመለስ ነበር።

ባለ 6 ቁጥር፦ ጋሼ በናትህ! ፔሌ አየሩን በቡጢ መምታት የጀመረው በ1959 ነው። የጣሊያኑ ታርዴሊ በ82 ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እየጮኸ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሜዳውን ሲያቋርጥ ማንን ነው የጨበጠው? ሁጎ ሳንቼዝስ ሲገለባበጥ? ሚላ ያመጣው የኮርነር ባንዲራዋ ጋ መጨፈርን ነው። በ38 ዓመቱ፣ ተቀይሮ እየገባ 4 ጎል። እኔ ብሆን ባንዲራዋን ነቅዬ ቤት እወስዳት ነበር።

የጥንቱ፦ ኮሎምቢያ ላይ ያገባቸውን ሁለቱንም ግብ ጠባቂያቸው ሂጊታ ነው የሰጠው።

የመስመር ዳኛ፦ አንዱን ነው። የመጀመሪያውን ተከላካዮች አልፎ በግራ እግሩ ነው የመታው። ደግመህ እይ።

ተከላካይ፦ ከርዕስ አትውጡ። በነገራችን ላይ የጨፈሩት ብራዚሎች ከ4 ቀን በኋላ በክሮኤሺያ በፔናልቲ ተሸኙ።

ባለ 6 ቁጥር፦ ጭፈራው ነው ፔናልቲ የሳተው? ስማ፣ ቪኒሲየስን በዚያው ዓመት የስፔን ቴሌቪዥን ላይ አንድ የተጫዋቾች ወኪል ሳምባ ካማረህ ብራዚል ሂድ፣ ጦጣ መሆንህን ተው ሲለው የጀመረው ከየት ነው? ተጋጣሚን አክብር ከሚለው ነው። «ልክ አለው» እንዲህ ነው የሚያልቀው።

ተከላካይ፦ እኔን ከዚያ ሰውዬ ጋር ነው የምታመሳስለኝ? በጣም ነው የማዝነው። እሱ በኋላ ይቅርታ ጠይቋል፣ አንተም ጠይቅ።

አርሴ በደሜ፦ ኪን ስለ አክብሮት ሲያስተምር ደስ ይላል። በ2001 የማንችስተር ደርቢ የሲቲውን የአልፊ ሀላንድን ጉልበት የረገጠው ማን ነበር?

ተከላካይ፦ እሱ ሌላ ነው፣ ቀይ ተመዞበታል።

አርሴ በደሜ፦ ጨፍሮበት ቢሆን ኖሮ ነው ንቀት የሚባለው አይደል?

ተከላካይ፦ እሺ አዴባዮርስ? በ2009 በሲቲ ማልያ ሜዳውን ከዳር እዳር ሮጦ እናንተ የአርሰናል ደጋፊዎች ፊት በጉልበቱ የተንሸራተተው? እሱም ደስታ ነው በለኛ።

አርሴ በደሜ፦ እሱን አታንሳብኝ። አዴባዮር ላይ ልክ አለው።

ባለ 6 ቁጥር፦ ኧረ ጉድ! አንተም?

አርሴ በደሜ፦ ሜዳውን ሙሉ ነው እኮ የሮጠው! ለእኛ ሲጫወት እንደዚያ ሮጦ ያውቃል?

የጥንቱ፦ አሁን ደግሜ አየሁት። ሁለቱንም ሂጊታ ነው የሰጠው።