ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ የጠፋ የግራፊክስ ድራይቨር እንዴት ይመለሳል?

ጠያቂ፦ ተመራቂዋ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሲቪል ምህንድስና ተመራቂ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ470 ነው። በጣም ስለተንቀራፈፈ ደሴ ወስጄ ዊንዶውስ 10 እንደ አዲስ አስጫንኩ። ፍጥነቱ ተስተካከለ፤ ስክሪኑ ግን ሌላ ሆነ። ጽሑፉ ሁሉ ወደ ጎን ተለጥጦ ነው የሚታየው። ሪዞሉሽኑ 1024 በ768 ላይ ቆሟል፣ መቀየሪያው ደብዝዞ አልነካ ብሏል። ኤፍ5ና ኤፍ6 ብጫን ብርሃኑ አይቀንስም፣ አይጨምርም። አውቶካድ ላይ የሕንፃውን ሞዴል ላዙር ስል ይንቀረፈፋል። ዋይፋይም የለም።

ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ስር «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ይላል። አፕዴት ድራይቨር ብዬ ራሱ እንዲፈልግ ሳዘው፣ ተስማሚው ድራይቨር ተጭኗል ብሎ ይመልስልኛል። ያስጫንኩበት ቤት ደግሞ ካርዱ ተቃጥሏል፣ ቦርዱ መቀየር አለበት አሉኝ። ፕሮጀክቴን የማቀርብበት ቀን ደርሷል። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

የደሴው ጥገና

አብሽሪ እህቴ። ቦርድ ለመቀየር ገንዘብ እንዳታወጪ። ካርዱ ተቃጥሎ ቢሆን ብዙውን ጊዜ ስክሪኑ ይጨልም ወይም ምስሉ ይበላሽ ነበር፤ የነገርሽን ሁሉ የድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም፣ መጥፋት ምልክት ነው።

ያ ቤዚክ አዳፕተር የሚሉት ተጠባባቂ ነው። ዊንዶውስ ትክክለኛውን ድራይቨር ሲያጣ ስክሪኑ ባዶ እንዳይሆን እሱን ያስገባል። ምስል ያሳያል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር አይችልም። ብርሃን መቀነስ፣ ስሊፕ ማድረግ፣ ፕሮጀክተር ላይ ማውጣት፣ ለአውቶካድ የካርዱን ጉልበት መስጠት ከእሱ አይጠበቅም።

መጀመሪያ ካርዱን እንለየው። ቲ470 አብዛኛው ኢንቴል ብቻ ነው ያለው፣ አንዳንዱ ግን ኤንቪዲያም ተጨምሮበታል። የዊንዶውስ ቁልፍንና ኤክስን አንድ ላይ ተጭነሽ ዲቫይስ ማኔጀር ግቢ። ያንኑ ቤዚክ አዳፕተር በቀኝ ነክተሽ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ፣ ከዝርዝሩ ሃርድዌር አይዲስ ምረጪ። «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ 8086 ካለ ኢንቴል ነው፣ 1002 ካለ ኤኤምዲ፣ 10ዲኢ ካለ ኤንቪዲያ። «ዴቭ» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን አራት አሃዝም ጻፊልን።

ሐይቅ ዳር

ይሄን ያህል ምን ያደክማል? ድራይቨር ፈላጊ ፕሮግራም አውርጂና ስካን በይው። የጎደለውን ሁሉ በአንዴ ያስገባልሻል። እኛ ጋ ብዙ ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው።

የደሴው ጥገና

ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ይዘው ሱቄ የሚመጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። አብዛኛው ነፃ ነው ይልና መጨረሻ ላይ ክፈሉ ይላል። ከራሱ ጋር ማስታወቂያ የሚያፈላ ነገር ይዞ ይገባል። ለካርዱ የማይስማማ ድራይቨር ሲጭን ደግሞ ስክሪኑ ጭራሽ ይጨልማል። የድራይቨር ባለቤት ሦስት ነው፦ የላፕቶፑ አምራች፣ የካርዱ አምራች፣ ራሱ ዊንዶውስ አፕዴት። ከእነዚህ ውጭ ማንንም አልመክርም። ለተመራቂ ተማሪ ፋይሏ ያለበት ላፕቶፕ ላይማ በጭራሽ።

የወልዲያው ዲዛይነር

ሰላም እህቴ። ሴቲንግስ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ ገብተሽ «ቪው ኦፕሽናል አፕዴትስ» የሚለውን ተጫኚ። ድራይቨር አፕዴትስ ስር የኢንቴሉ ይመጣልሻል፣ ምልክት አድርገሽ አውርጂ።

ለሌሎቻችሁም አንድ ነገር፦ ዳታ እንዳይበላ ብላችሁ የስልኩን ዋይፋይ «ሜተርድ» አድርጋችሁት ከሆነ ዊንዶውስ ድራይቨር አያወርድም። ብሉቱዝና ሌሎች ዲቫይሶች የሚለው ገጽ ውስጥ በሜተርድም ድራይቨር እንዲወርድ የሚፈቅድ ሳጥን አለ፣ እሱን ማብራት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚደናቀፈው።

ተመራቂዋ፣ ከኮምቦልቻ

እግዜር ይስጥልኝ። ቬን 8086፣ ዴቭ 5916 ነው የሚለው። ኤንቪዲያ የሚል የለም። ኦፕሽናል አፕዴትስ የሚባለውን ግን ፈልጌ አጣሁት። ከዶርም ጓደኛዬ ላፕቶፕ የኢንቴልን አዲሱን ድራይቨር በፍላሽ አምጥቼ ብከፍተው፣ ይህ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አይደገፍም ብሎ ይዘጋል። ይሄ ነገር እውነትም ካርዱ ቢሆንስ?

የደሴው ጥገና

ካርዱስ ደህና ነው። 5916 ማለት ኢንቴል ኤችዲ ግራፊክስ 620 ነው፣ ሰባተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው። ቁጥሩን ማንበብ ከቻልሽ ካርዱ ለዊንዶውስ እየመለሰለት ነው ማለት ነው። አሁን የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን ተጭነሽ ዊንቨር (winver) ብለሽ ጻፊ። ቨርዥኑን ንገሪኝ።

ተመራቂዋ፣ ከኮምቦልቻ

1607 ይላል።

የደሴው ጥገና

በቃ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የጫኑልሽ ዊንዶውስ 10 በፈረንጆቹ 2016 የወጣ ነው። አሮጌ ፍላሽ ላይ የተቀመጠ ሳይሆን አይቀርም። የኢንቴል አዲሶቹ ድራይቨሮች ደግሞ ከ1709 በታች አይቀበሉም። ያን መልእክት የሰጠሽም ለዚህ ነው። ኦፕሽናል አፕዴትስ የሚለው ገጽም የመጣው 2004 ከሚባለው ቨርዥን ጀምሮ ነው (ቁጥሩ የቨርዥን ስም እንጂ ዓመት አይደለም)፣ ስለዚህ አንቺ ጋ አይኖርም። ያ ማለት ግን ለዊንዶውስሽ የሚሆን ድራይቨር የለም ማለት አይደለም።

እንዲህ አድርጊ። ስልክሽን በኬብል ላፕቶፑ ላይ ሰኪ። ስልኩ ላይ ሞባይል ዳታ አብሪና ዩኤስቢ ቴዘሪንግ በይ፤ ስልኩ ኢንተርኔቱን በኬብሉ ለላፕቶፑ ያካፍለዋል። አንድሮይድ ከሆነ ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ እንደ ኔትወርክ ገመድ ያየዋል፣ የዋይፋይ ድራይቨር አያስፈልገውም። ከዚያ ዲቫይስ ማኔጀር ገብተሽ ቤዚክ አዳፕተሩ ላይ አፕዴት ድራይቨር፣ ራሱ ይፈልግ በይው። በእንደዚህ ያለ አሮጌ ቨርዥን ይህ ፍለጋ ኢንተርኔት ካገኘ ዊንዶውስ አፕዴት ድረስ ይሄዳል። ያን ጊዜ ተስማሚው ተጭኗል ያለሽ ኢንተርኔት ስላልነበረው ነው።

ሁለት ጥንቃቄ። ባትሪውን ሞልተሽ ጀምሪ፤ የመብራቱን ነገር ታውቂዋለሽ፣ መሃል ላይ መጥፋት የለበትም። ስክሪኑ ለጥቂት ሰከንድ ይጨልማል፣ ደንግጠሽ እንዳታጠፊው። ሲያልቅ ደግሞ ኬብሉን ቶሎ ንቀይ። አለዚያ ዊንዶውስ በዚያው ትልልቅ አፕዴት ማውረድ ይጀምርና ፓኬጅሽን ይጨርሰዋል።

የወልዲያው ዲዛይነር

ዝርዝሩ ግሩም ነው ወንድም፣ ቨርዥኑን ሳልጠይቅ ነበር የመለስኩት። ካልሆነላት የሌኖቮ ድጋፍ ገጽ ላይ የላፕቶፑን ሲሪያል ቁጥር አስገብታ ቀደም ያለውን ድራይቨር ማውረድ ትችላለች። ቁጥሩ ከላፕቶፑ ስር ተለጥፏል።

ተመራቂዋ፣ ከኮምቦልቻ

ተመለሰ! ትንሽ ጨለመ፣ ከዚያ ሙሉ ስክሪኑ ጥርት ብሎ መጣ። 1920 በ1080 ሆኗል። ኤፍ5 ስጫን ብርሃኑ ይቀንሳል። ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ኢንቴል ኤችዲ ግራፊክስ 620 ተጽፏል። አውቶካድ ላይ ሞዴሉን አዙሬ አየሁት፣ እንደ ድሮው ሆኗል። ዋይፋዩንም በዚያው መንገድ አስገባሁት። ስታስጨንቀኝ የነበረችው ቦርድ ቀርታ በኬብል አለቀ። ወላሂ ቃል አጣሁ፣ ሁላችሁንም አላህ ይስጣችሁ።

አሁን ይሄን ዊንዶውስ ላቆየው ወይስ ላስቀይረው? ፕሮጀክተር ላይስ ይሠራልኛል?

የደሴው ጥገና

አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ዊንዶውሱን አሁን አትንኪው። ፕሮጀክትሽን ካቀረብሽ በኋላ ወደ 22ኤች2 አሳድጊው፤ የዊንዶውስ 10 የመጨረሻው ቨርዥን እሱ ነው። ለዊንዶውስ 10 መደበኛው ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፣ ሰባተኛ ትውልድ ፕሮሰሰርም ከጥቂቱ በቀር በዊንዶውስ 11 ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ እስከዚያ ፋይልሽን ሌላ ቦታም ገልብጠሽ አስቀምጪ፣ የማታውቂውን ፍላሽ አትሰኪበት።

ፕሮጀክተሩ ይሠራል። ላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ አለው። የክፍሉ ፕሮጀክተር አሮጌው ሰማያዊ ቪጂኤ ብቻ ከሆነ መቀየሪያ ከአሁኑ አፈላልጊ። ሰክተሽ የዊንዶውስ ቁልፍንና የፒ (P) ፊደልን አንድ ላይ ተጫኚ፣ ዱፕሊኬት የሚለውን ምረጪ። ከቀኑ በፊት አንዴ እዚያው ክፍል ገብተሽ ሞክሪው።