የሁለት ዓመት ልጄ ከሕፃን አልጋው እየተንጠለጠለ መውረድ ጀመረ፤ ወደ ትልቅ አልጋ አሁን ላሻግረው?

ጠያቂ እናት፣ ደብረ ማርቆስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንዱ ልጄ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል። የሚተኛው ባለ አጥር የሕፃን አልጋ ላይ፣ እኛ ክፍል ውስጥ ነው። ከሰሞኑ እግሩን አጥሩ ላይ እየሰቀለ መውጣት ጀምሯል። ትናንት ሌሊት እንዲሁ ሲወጣ ወደቀና ግንባሩ አበጠ። ወዲያው አለቀሰ፣ አባብዬው ተኛ፤ ዛሬ ይበላል፣ ይጫወታል። የፍራሹን ማስቀመጫ እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገነዋል፣ ከዚያ በታች አይወርድም።

ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ልጅ እንጠብቃለን፤ አልጋው ለእሱ ይፈለጋል። ባለቤቴ ሜትር ከሃያ አልጋ እንግዛለት ይላል። አብረውን የሚኖሩት አማቴ “ገና ሕፃን ነው፣ ከእኔ ጋር ይተኛ” ይላሉ። ወለላችን ሊሾ ነው፤ የኅዳርን ብርድ የማርቆስ ሰው ያውቀዋል። አሁን ላሻግረው ወይስ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ልጠብቅ? ሌሊት እየተነሣ ቢዞርብኝስ?

ነርስ፣ ፍኖተ ሰላም፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። መጀመሪያ ስለ ግንባሩ። ወዲያው ማልቀሱና ዛሬ እንደ ልማዱ መጫወቱ ጥሩ ምልክት ነው። ግን ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከወትሮው በተለየ ከደነዘዘ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውኃ መሳይ ነገር ከወጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዱት።

ልጁ የማይወጣ ቢሆን ኖሮ እኔም ሦስት ዓመት እስኪጠጋ ጠብቂ እልሽ ነበር። በዚህ ዕድሜ “ከአልጋህ አትውረድ” የሚለውን ቢሰማም ሌሊት ሲነቃ አይዘውም፤ አጥሩ ነው የሚይዘው። አንዴ አጥሩን ማለፍ ከቻለ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አሁን የሚወድቀው ከአጥሩ ጫፍ ነው፤ ከዝቅተኛ አልጋ ተንከባልሎ ቢወርድ ጉዳቱ በጣም ያንሳል። ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከደረሰ፣ ወይም ቆሞ አጥሩ ከደረቱ በታች ከሆነበት፣ የዚያ አልጋ ጊዜ አልፏል። ስለዚህ አትጠብቂ፤ ዛሬ ማታ ጀምሪ።

የምታሻግሪው ወደ አልጋው ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ከዛሬ ጀምሮ ክፍሉን በሙሉ ለብቻው የሚዞርበት ቦታ አድርገሽ አስቢው። ቁም ሣጥኑና ኮመዲኖው ግድግዳው ላይ በብሎን ይታሰሩ፤ ልጅ መሳቢያውን ስቦ እንደ ደረጃ ሲወጣበት ይገለበጣል። አልጋው ከመስኮት ይራቅ፤ የመጋረጃ ገመድ፣ የስልክ ቻርጀር፣ መድኃኒት፣ ሳንቲም ከእጁ ይውጡ።

አናጺ፣ ደብረ ማርቆስ፦
እህቴ፣ ሜትር ከሃያ አልጋ መግዛቱ ክፋት የለውም፣ ዓመታት ያገለግለዋል። ችግሩ ከፍታው ነው። ገበያ ላይ ያለው አልጋ ፍራሹ ሲጨመርበት ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ከፍ ይላል። ለአናጺ ንገሩትና እግሩን ያሳጥርላችሁ፤ ከነፍራሹ ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ልጁ ራሱ ይወጣል፣ ራሱ ይወርዳል። ሲያድግ እግሩን መቀጠል ይቻላል።

ግድግዳ ላይ ካስጠጋችሁት ፍራሹና ግድግዳው መካከል ምንም ክፍተት አይኑር። ልጅ እዚያ ውስጥ ገብቶ ጭንቅላቱ ወይም ደረቱ ሊያዝ ይችላል፤ ይሄ ከመውደቅ የከፋ ነው። ማስጠጋት ካልተመቸ አልጋውን ከግድግዳው ደህና አድርጋችሁ አርቁት። በክፍቱ በኩል መከለያ ካሠራችሁም ከፍራሹ ጋር የገጠመ ይሁን፣ ክፍተት አይተው።

አንዳንዱ ሰው የሕፃኑን አልጋ አንድ ጎን ፈትቶ “ትልቅ አልጋ” ያደርገዋል። እንዲፈታ ተደርጎ ካልተሠራ አታድርጉት፤ አራቱን ጎን የሚያያይዘው ያ አጥር ስለሆነ ሲወጣ አልጋው ይላላል። ደርብ አልጋ ደግሞ ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ላዩ አይታሰብም።

ጠያቂ እናት፦
አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም ያክብርልኝ። አልጋው እስኪሠራ ፍራሹን መሬት ላይ ባነጥፍለትስ? ብርዱ ነው የሚያስፈራኝ።

አናጺ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ይቻላል፣ ለጊዜው ከሁሉ የሚሻለውም እሱ ነው። ግን ስፖንጅ ፍራሽ ሊሾ ላይ እንዲሁ ከዋለ ከሥሩ ይረጥባል፣ ይሻግታል። ከሥሩ የእንጨት ርብራብ አድርጉበት፣ ካልሆነ ወፍራም ምንጣፍ። ጠዋት ጠዋት አንሥታችሁ ግድግዳ ላይ አስደግፉት፣ ፀሐይ ካለ አውጡት።

እናት፣ ሞጣ፦
የኔ ልጅ፣ አማትሽን አታስቀይሚያቸው። እኛም ያደግነው አዲስ ልጅ ሲወለድ ትልቁ ወደ አያቱ ጎን እየዞረ ነው። እኔ የምልሽ፣ የልጁን ፍራሽ እሳቸው ክፍል፣ አልጋቸው አጠገብ አንጥፊለት። ሊተኛ ሲል እጁን ይዘው ተረት ይንገሩት፤ ሲተኛ ግን በራሱ ፍራሽ ይሁን። እንዲህ ከሆነ ሁለታችሁም አላጣችሁም። ደግሞ አዲስ ብርድ ልብስ አትግዥለት፤ የለመደውን ጋቢና የለመደውን አሻንጉሊት ይዞ ይሻገር፣ ሽታው ያረጋጋዋል።

አደራ የምልሽ፣ የሕፃኑን አልጋ ከሚያዝያ በፊት ቀደም ብለሽ ከዓይኑ አርቂው። ወንድሙ ወይ እህቱ በተወለደ ማግሥት “አልጋዬን ወሰደብኝ” እንዳይል። ሁለት ወር ያህል ቀድሞ ከለመደ ረስቶታል።

እናት፣ ባሕር ዳር፦
የሞጣዋ እናት ያሉት ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ሌሊቱን ነው። የኔዋ ልጅ መጀመሪያ ሰሞን በተኛች ቁጥር ትነሣ ነበር። በተነሣች ቁጥር እጇን ይዤ “ሌሊት ነው፣ እንተኛ” ብቻ ብዬ እመልሳታለሁ። መብራት አላበራም፣ ወሬ አላወራም፣ እኔ አልጋ ላይም አላወጣትም። አባቷም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው፤ አንዱ እየመለሰ ሌላው ካቀፈ ልጁ የትኛው እውነት እንደሆነ አያውቅም። ቀን መተኛቷንም አልቆረጥኩም፤ የደከመ ልጅ ማታ ይብሳል። ከመተኛቷ በፊት ጥርስ፣ ፖፖ፣ ተረት፣ ሁሌም በዚሁ ተራ።

ማርቆስ ለወባ ብዙም አያሳስብሽ ይሆናል፣ ግን እኛ ጋ ወይም ወደ ቆላው ዘመድ ጋ ስትመጪ የትልቁ አልጋ አጎበር ይታሰብበት። ዙሪያውን ፍራሹ ሥር በደንብ ይጠቅጠቅ፣ መስቀያ ገመዱ ልጁ እጅ ጋ አይንጠልጠል። አዲስ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ከሆነ ከመጠቀምሽ በፊት ጥላ ላይ ዘርግተሽ አንድ ቀንና ሌሊት አናፍሽው።

አባት፣ እንጅባራ፦
በሩን ከውጭ ቆልፈው የሚያሳድሩ አሉ፣ እባካችሁ ይሄ አይሁን። እሳት ቢነሣ ወይም ልጁ ቢታመም መውጫ የለውም። እኛ በሩ ላይ ትንሽ ደወል አንጠልጥለናል፤ ሲከፍት እንሰማለን። ከቤት የሚያስወጣው በርና የወጥ ቤቱ በር ግን በደንብ ይዘጉ። በዚህ ብርድ ልጅ ተነሥቶ ግቢ ቢወጣ ቀላል አይደለም።

ጠያቂ እናት፦
ተማከርን። አማቴ ክፍል ፍራሹን ልናነጥፍለት ነው፣ እሳቸውም ደስ ብሏቸዋል። ግን ማታ ማታ እዚያ ክፍል ከሰል ይገባል፤ ከመተኛታቸው በፊት ይወጣል ይላሉ። ይበቃል?

ነርስ፣ ፍኖተ ሰላም፦
አይበቃም። ጢስ ባይታይም የከሰል ጋዝ ይገድላል፣ ሽታ ስለሌለው አይታወቅም፤ ከሰሉ ከወጣ በኋላም በር ዘግታችሁ ከተኛችሁ በክፍሉ የቀረው ይጎዳል። ምድጃው ልጁ መሬት ላይ ከሚተኛበት ክፍል ጨርሶ አይግባ፤ የሞቀው ምድጃ ራሱ እንኳ ለእጁ ቅርብ ነው። በጋቢ፣ በካልሲና በወፍራም ልብስ አሙቁት። መብራት ሲጠፋም ሻማ ሳይሆን የባትሪ ወይም የሶላር መብራት ይሁን።

አናጺ፣ ደብረ ማርቆስ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ያ የሕፃን አልጋ ልጁ ሲንጠለጠልበት የከረመ ነው። አዲሱ ሕፃን ከመተኛቱ በፊት ብሎኖቹ በሙሉ ይጥበቁ፣ የተሰነጠቀ ወይም የላላ ዘንግ ካለ ይቀየር፤ በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ቀለም ወይም ቫርኒሽ ካስቀባችሁት አሁኑኑ አስቀቡት፣ እስከ ሚያዝያ ሽታው ይጠፋል።