ሪፈረንሴ አልቀየርም አለኝ፣ ነገ ማታ ይዘጋል!

የቧንቧ ውሃዋ (ደሴ)፦
እንደምን ዋላችሁ። በአላህም በማርያምም የምታውቁ ድረሱልኝ። ጽሑፌ ከመጽሔቱ ተመልሶ መጣ። ይዘቱን እንኳ አላዩትም። «ማጣቀሻው በመመሪያችን መሠረት አይደለም፣ አስተካክለሽ ላኪ» ነው ያሉት። ነገ ማታ ይዘጋል። ማጣቀሻዬን በሚያደራጅልኝ ፕሮግራም፣ ዞቴሮ ላይ ስታይሉን ብቀይር ብቀይር ወርዱ ንቅንቅ አይልም። ከስልሳ በላይ ምንጭ አለኝ። በእጄ ልጽፈው ነው እንዴ? መብራቱም ዛሬ መጣሁ ሄድኩ እያለ ነው።

ኮምቦልቻ ማዶ፦
ሪፍሬሽ የሚለውን ተጫኚው። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ የመጽሔት መመሪያ የሚነበበው ጽሑፉ ሳይጀመር ነው። በእኛ ጊዜ በታይፕ ነበር የምንመታው። መሃል ላይ አንድ የግርጌ ማስታወሻ ከተጨመረ ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር ሁሉ ይናጋል፣ ገጹ እንደገና ይመታል። ስለዚህ አስቀድመን እናስብ ነበር። ዛሬ ማሽኑ ያስብልናል ተብሎ ሁሉም ነገር ለመጨረሻዋ ሌሊት ይተዋል። ለመሆኑ የሚፈልጉት የትኛውን ስታይል ነው? እሱን ሳትነግሪን ምን ብለን እንርዳሽ?

የቧንቧ ውሃዋ፦
ኤፒኤ 7 ነው ጋሼ፣ በደራሲ ስምና በዓመት የሚጠቅሰው። አሁን ያለው ግን በቁጥር ነው፤ መጀመሪያ ለሌላ መጽሔት ነበር ያዘጋጀሁት። ጽሑፉ ስለ ወዳጃ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ ዱዓ ስለሚያደርግበት።

ስልክ ጠጋኙ፦
ስለ ወዳጃ ከሆነማ ምን ቸገረሽ! ሰብሰብ ብለን ዱዓ እናድርግበት። ቡናው ካንቺ፣ ጫቱ ከኔ።

ኮምቦልቻ ማዶ፦
ሪፍሬሽ አልሠራም? ዞቴሮውን አጥፍተሽ እንደገና ጫኚውና ከዚያ ሪፍሬሽ አድርጊው።

የሐይቅ ልጅ፦
እህቴ አብሽሪ። ምንም ነገር አጥፍተሽ አትጫኚ። መጀመሪያ አንድ ነገር እዪ። ወርዱን ክፈቺና አልት እና ኤፍ9 አንድ ላይ ተጫኚ። ላፕቶፕ ከሆነ ኤፍኤን የሚለውንም ጨምሪ። ቁጥሮቹ ጠፍተው በምትካቸው «አዲን ዞቴሮ» ብሎ የሚጀምር ረጅም የተዘበራረቀ ጽሑፍ ከመጣ ጥቅሱን ከዞቴሮ ጋር የሚያገናኘው ኮድ በሕይወት አለ። ያኔ ዶክመንት ፕሪፈረንስ ገብተሽ ኤፒኤን መምረጥ ብቻ ነው። ምንም ካልተለወጠና ቁጥሩ ቁጥር ሆኖ ከቀረ ግን ሞቷል ማለት ነው። ዞቴሮ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ነው የሚያየው፣ ሪፍሬሽ ብትዪው ቢውል ቢያድር አይሰማም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ፋይሉን ሌላ ሰው ነክቶታል?

የቧንቧ ውሃዋ፦
አዎ፣ አብሮኝ የጻፈው ልጅ ጎግል ዶክስ ላይ ከፍቶ አንዳንድ ነገር አስተካክሎ ነው የላከልኝ። አልት ኤፍ9 ስለው ምንም የለም። ቁጥር ብቻ።

የሐይቅ ልጅ፦
በቃ እሱ ነው። ከወርድ ወደ ጎግል ዶክስ ሲኬድ ዶክመንት ፕሪፈረንስ ውስጥ ወርድ ፕሮሰሰር መቀየሪያ አለ። በእሱ ካልተሻገረ ኮዱ መንገድ ላይ ይቀራል። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤፍ9 አንድ ላይ ከተነኩም እንደዚያው ነው። አሁን ለልጁ መጀመሪያ የላክሽለትን ፋይል ፈልጊ። በቴሌግራም ከሆነ የተላላካችሁበት ላይ ወደ ላይ ሂጂ፣ እዚያው ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ። እሱ ውስጥ ኮዱ አለ። ከዚያ ወርድ ላይ ኮምፔር በሚለው ሁለቱን ፋይሎች አስተያዪና ልጁ የለወጠውን ዓረፍተ ነገር በአሮጌው ላይ በእጅሽ አስገቢ። ጥቅሱን ብቻ እንዳትነኪ።

ጦሳ፦
እኔ ግን አንድ ነገር ልበል። ለምንድነው እነሱ ባሉት የምናስተካክለው? ኤፒኤ ስም ይገለብጣል። ስለ ወሎ የሚጽፍ ሰው ሁሴን አሕመድን መጥቀሱ አይቀርም፣ በፈረንጅ 2001 ብሪል የተባለው አሳታሚ ስለ ወሎ እስልምና ያሳተመለትን። ዞቴሮ «አሕመድ፣ ሁ.» ብሎ ያወጣዋል። አሕመድ አባቱ ናቸው፤ መጽሐፉን አልጻፉም! ባሕሩ ዘውዴም «ዘውዴ፣ ባ.» ሆኗል። ፈረንጆቹ ራሳቸው ሃምቡርግ ላይ ባሰናዱት ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ውስጥ ኢትዮጵያዊ የሚገባው በራሱ ስም ነው። አዘጋጁን ተከራከሪው።

ወልድያዋ፦
ወንድማለም፣ ልጅቷ ነገ ማታ ነው የምታስገባው፣ ክርክሩ ይደርሳል። ግን ስለ ስሙ ያልከው ልክ ነው፣ መላም አለው። ዞቴሮ ውስጥ ከደራሲው ስም ጎን ስሙን ከሁለት ሳጥን ወደ አንድ የሚያደርግ ትንሽ ምልክት አለ። እሱን ነክታ «ሁሴን አሕመድ» ብላ በአንዱ ሳጥን ብትጽፈው አይገለብጠውም። ጽሑፉ ውስጥም ዝርዝሩ ላይም ሙሉ ስሙ ይወጣል። ለአዘጋጁ በሸኚው ደብዳቤ አንድ መስመር ትጻፍለት፦ ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም፣ የሚጠራው በራሱ ስም ነው። እንቢ ካለ መልሶ ሁለት ሳጥን ማድረግ ነው። ክፉው ነገር አንዱን ሰው አንድ ቦታ ሁሴን፣ ሌላ ቦታ አሕመድ ማለት ነው። ዝርዝሩ ላይ ሁለት ሰው ይሆናል።

የሐይቅ ልጅ፦
ይሄንን ደግሞ እዚያው ዞቴሮ ውስጥ ነው የምታደርገው። ወርዱ ላይ በእጅ ያረምሽው ዝርዝር ዞቴሮ አንዴ ሲታደስ ይጠፋል።

ኮምቦልቻ ማዶ፦
እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ሪፍሬሽ።

የቧንቧ ውሃዋ፦
አገኘሁት! ቴሌግራም ላይ አለ። አልት ኤፍ9 ስለው ያ ዝብርቅርቅ ወጣ። ኤፒኤ ስመርጥ ሁሉም ተቀየረ። አላህ ይስጥህ የሐይቅ ልጅ። አሁን ሁለት ነገር ቀረኝ። የእንግሊዝኛው ርዕስ ግማሹ ሁሉም ቃል በትልቅ ፊደል ነው የሚጀምረው፣ ግማሹ አይደለም። ሌላው፣ ከእኛው ዩኒቨርሲቲዎች የወሰድኳቸው የማስተርስ ጥናቶች ዓመታቸው በእኛ አቆጣጠር ነው። 2010 ብዬ ልተወው ወይስ 8 ልደምር?

ወልድያዋ፦
ለፊደሉ፦ ዞቴሮ ውስጥ ርዕሱ ላይ በቀኝ ተጫኚ፣ ሴንተንስ ኬዝ የሚል አለ። ኤፒኤ የጽሑፍን ርዕስ በትልቅ ፊደል የሚጀምረው የመጀመሪያውን ቃል፣ ከሁለት ነጥብ በኋላ ያለውንና የተጸውዖ ስምን ነው። ከነካሽው በኋላ ግን «ወሎ» ወደ ትንሽ ፊደል ወርዶ እንዳይቀር በዓይንሽ እዪው። የአማርኛ መጽሐፍ ካለሽ ርዕሱን በላቲን ፊደል ጻፊና ትርጉሙን በማዕዘን ቅንፍ ከጎኑ አድርጊ።

ጡረተኛው መምህር፦
ዓመቱን በደፈናው 8 አትደምሪ ልጄ። ወሩን እዪ። ጥናቱ የቀረበው ጥቅምት 2010 ከሆነ በፈረንጅ 2017 ነው፣ ስለዚህ 7። ሰኔ 2010 ከሆነ 2018 ነው፣ 8 ማለት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲህ 8። ወሩ ሽፋኑ ላይ አለ፣ ከሌለም ፈታኞቹ የፈረሙበትን ገጽ ተመልከቺ። ዋናው ነገር የሁለቱን አቆጣጠር ሳይለዩ አለማደባለቅ ነው። ፈረንጅ አንባቢ 2010 ሲያይ የራሱን 2010 ነው የሚያስበው።

የሐይቅ ልጅ፦
ከመላክሽ በፊት አንድ ቅጂ አስቀምጪ፣ ኮዱ እንዳለ። መጽሔቱ ኮድ አይኑርበት ካለሽ ሌላ ቅጂ ላይ ነው የምታጠፊው። አንዴ ከጠፋ አይመለስም።

ስልክ ጠጋኙ፦
ዱዓው ሠራ ማለት ነው። ቡናው የት ነው?

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ ኢንድኖት የሚባለውን ሌላ የማጣቀሻ ፕሮግራም ለምንጠቀመውስ? እኔም አባቴን ነው ደራሲ ያደረገብኝ።

ወልድያዋ፦
ሙሉ ስሙን ጽፈህ መጨረሻው ላይ ኮማ አድርግበት። አይገለብጠውም።