የአገሬ ሰው ትራክ ድርጅት ሊቀጥረኝ ነው፤ ምን ላጣራ?

የመርሳ ልጅ (ኮሎራዶ)
ሰላም ወሎዬዎች፣ እንዴት ከረማችሁ? ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ካወጣሁ 2 ወር ሆነኝ። ልምድ የለህም እያሉ ብዙ ቦታ መለሱኝ። አሁን የአገራችን ሰው የከፈተው ድርጅት ማመልከቻ ሙላ ብሎኛል። ክፍያው በማይል 60 ሳንቲም፣ በ1099 (እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን በግሉ እንደሚሠራ ሰው) ነው። ከመጀመሪያዎቹ ክፍያዎች ለመያዣ 2,500 ዶላር ይቆረጣል አሉኝ። የምፈርመውን ወረቀት ግን እስካሁን አላየሁም። ለእማዬ ብነግራት ባለቤቱ የማን ልጅ እንደሆነ አጠያየቀች። «ቤተሰቡን አውቃለሁ፣ ጨዋ ናቸው፣ ግባ» አለችኝ። እህቴም የኮሌጅ ክፍያ እየጠበቀችኝ ነው። ሰኞ መልስ ስጥ ተብያለሁ። ምን ላጣራ? ከየትስ ልጀምር?

ሹፌሩ (ዳላስ)
አብሽር ወንድሜ። መጀመሪያ የዲኦቲ ቁጥራቸውን (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለድርጅቱ የሰጠውን መለያ) ያዝ። ትራኩ በር ላይ መጻፉ ግዴታ ስለሆነ ፎቶም ካየህ ታገኘዋለህ። ከዚያ ሴፈር የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ አስገባው። ነጻ ነው። ስንት ትራክና ስንት ሹፌር እንዳስመዘገቡ ያሳይሃል። ባለፉት 24 ወራት ስንት ጊዜ እንደተፈተሹ፣ ስንቱ መኪና ከመንገድ እንደታገደ፣ ስንት አደጋ እንደደረሰባቸው አለ። የአገሪቱ አማካይም ከጎኑ ተቀምጧል። የእነሱ ከአማካዩ በጣም ከበለጠ፣ ፍሬንና ጎማ በወቅቱ አያስጠግኑም ማለት ነው። እዚያ ትራክ ላይ የምትቀመጠው አንተ ነህ።

አንዳንዱ ድርጅት መዝገቡ ሲበላሽበት ስምና ቁጥር ቀይሮ እንደ አዲስ ይነሳል። ስለዚህ አድራሻውንና ስልኩንም ፈልግ። በሌላ ድርጅት ስም ከወጣ ተጠንቀቅ።

1099 ያልከው በጣም አሳስቦኛል። ትራኩ የእነሱ፣ ጭነቱ የእነሱ፣ መቼና የት እንደምትሄድ የሚወስኑት እነሱ ከሆኑ አንተ ተቀጣሪ ነህ። የሚገባህ ደብሊው-2 (የተቀጣሪ የደመወዝና የታክስ ወረቀት) ነው። በ1099 የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር 15.3 በመቶውን ብቻህን ትከፍላለህ። በደብሊው-2 ግማሹን አሠሪው ይሸከማል።

መያዣውስ? የራስህን ትራክ አከራይተህ ብትሠራ ሕጉ ውሉ ካለቀ በ45 ቀን ውስጥ ይመለስ ይላል። አንተ ግን ትራክ የለህም። ታዲያ የምን መያዣ ነው?

እናት ደሴ (ቨርጂኒያ)
ስለ 1099 የተባለውን ስሙት። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ዓመት እንዲያ ሠራ። የሚገባው ብር ሁሉ የእኛ መስሎን ነበር። በ2014ቱ ጦርነት የተሰበረውን የእናቴን ቤት በርና መስኮት አሠራንበት። ኤፕሪል ሲደርስ ታክሱን የምንከፍልበት አልነበረንም። ሁለት ዓመት ሙሉ በወር በወር ከፈልን። እናቴ እስከ ዛሬ አታውቅም። እንዴት ብዬ ልንገራት? ስደውልላት «ብርድ አይገባም አሁን» እያለች ትመርቀኛለች። የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ እዚያ ቤት ውስጥ እሳት ዳር የተቀመጥኩት ትዝ ይለኛል፣ ሆዴም ይባባል።

የኮምቦልቻው (ከአገር ቤት)
አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ከ1990 በፊት፣ የአገሩ ጭነት በአሰብ በሚገባበት ጊዜ፣ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። አዲስ ባለንብረት ጋ ከመግባቱ በፊት ሰውየውን የለቀቀ ሹፌር ይፈልጋል። ባቲ ሻይ ቤት ያስቀምጠዋል። «አበል በሰዓቱ ይሰጣል? መኪና ሲበላሽ በረሃ ላይ ትቶህ ይቀራል?» ይለዋል። ልጄ፣ ከዚያ ድርጅት የወጣ ሹፌር ፈልግ። እየሠራ ያለው ፈርቶ ላይነግርህ ይችላል።

ሐይቅ ዳር (ሲያትል)
ይቅርታ፣ እኔ አልተስማማሁም። ልጁን ማንም አልቀጠረውም። የአገሩ ልጅ እጁን ሲዘረጋለት መዝገብ አገላብጥ፣ ስልክ ፈልግ ትሉታላችሁ። ልምድ የሌለውን ሹፌር ብዙ ኢንሹራንስ አይቀበልም። የሚቀበለውም ውድ ነው። ያንን ከኪሱ የሚከፍለው ማን ነው? እኔ ስመጣ ያስጠጋኝ የወሎ ሰው ነው። ወረቀት አልተጠያየቅንም። እንዲህ ከተጠራጠርን ምን ቀረን?

ሹፌሩ (ዳላስ)
ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምመልሰው። ያስጠጋዎት ሰው 2,500 ዶላር ይዞብዎት ነበር? እኛ አገር ለጋብቻ እንኳ ዘር ይጠየቃል፣ ሽማግሌ ይላካል። ያንን ማንም እንደ ስድብ አይቆጥረውም። ቁጥሩ ንጹሕ ከሆነ እኔ ራሴ ግባ እለዋለሁ።

ሐይቅ ዳር (ሲያትል)
አልያዘብኝም። ግን ሁሉንም በአንድ ዓይን አትዩ። 3 ወር ታግሦ ልምድ ይያዝና ይውጣ። ቤት ቁጭ ብሎ ኪራይ ከሚቆጥር ይሻላል።

እናት ደሴ (ቨርጂኒያ)
3 ወር በማይረባ ፍሬን? ጋሼ፣ የእርስዎ ልጅ ቢሆን ይልኩታል?

የመርሳ ልጅ (ኮሎራዶ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በእኔ ምክንያት አትጣሉ። ዲስፓቸሩን (ለሹፌሮች ጭነት የሚመድበውን ሰው) የዲኦቲ ቁጥሩን ብጠይቀው «ስትገባ ታየዋለህ» አለኝ። ከትራኩ ፎቶ ላይ አገኘሁትና አስገባሁት። ለእኔ 15 ትራክ አለን ብለውኝ ነበር፤ ሴፈር ላይ 3 ነው የሚለው። የወጣ ሹፌር ገና አላገኘሁም፤ ዴንቨር የምታውቁት ካለ በውስጥ ጻፉልኝ።

ሌላው የጨነቀኝ እማዬ ናት። ቤተሰቦቹ ጋ ሄዳ አመስግናለች፣ ቡናም አብረው ጠጥተዋል። አልገባም ብል ምን ብዬ ላስረዳት?