ጥቆማ፦ ከተማ ዳር ለምንኖር ሰዎች የትኛው የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ይበቃል?

የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ሰፈር ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎሜትር ይሄዳል?» ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎና ከሱሉልታ ለጠየቃችሁኝ የምመልሰውን እዚሁ ላስቀምጥ። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው «ማታ የት ይሰካል?» ብዬ ነው። ግቢ ያለውና ግቢ የሌለው ሰው አንድ ዓይነት መኪና መግዛት የለባቸውም።

ግቢና የራሳችሁ ቆጣሪ ካላችሁ ትንሹ ባትሪ ይበቃችኋል። ከቱሉ ዲምቱ ሜክሲኮ ሠርቶ የሚመለስ ሰው፣ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ገበያ ጎራ ቢልም፣ በቀን ከ70 ኪሎሜትር ብዙም አያልፍም። ቢዋይዲ ሲጋል የሚባለው ትንሽ የቻይና መኪና በ30 ኪሎ ዋት ሰዓት (የባትሪው የመያዝ አቅም የሚለካበት ነው) ባትሪ 305 ኪሎሜትር ይሄዳል ተብሎ ይሸጣል። ቁጥሩ የቻይና መለኪያ ነው፤ ፈተናው በአብዛኛው በዝግታ የሚነዳ ስለሆነ ሲሶውን ቀንሳችሁ አስቡት። 200 ቢቀር እንኳ የሁለት ሦስት ቀን መንገድ ነው። አየራችንም ያግዛል። ብርድ አገር ባትሪውን የሚጨርሰው ማሞቂያ እኛ ጋ የለም፣ ኤሲውም ብዙ ቀን ሳይበራ ይውላል።

ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተራ ቻርጀር በ10 አምፔር 2.2 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ከዚያ በላይ ነው የሚስበው። ግን ምጣዱ ጋግራችሁ ስትጨርሱ ይነቀላል፤ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። ስለዚህ ራሱን የቻለ መስመርና ብሬከር አስገቡለት፣ አርዙንም በኤሌክትሪሺያን አስለኩ። በተጠቀለለ ኤክስቴንሽን በፍጹም እንዳትሰኩ። የመጀመሪያው ቀን፣ ሰክታችሁ አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ ሶኬቱን በእጃችሁ ዳስሱት። ለብ ቢል ችግር የለውም፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ወዲያው ንቀሉና ሽቦውንም ሶኬቱንም አስቀይሩ። ማታ 3 ሰዓት ተሰክቶ ጠዋት 12 ሰዓት የሚነቀል ትንሽ መኪና 120 ኪሎሜትር ገደማ ይሞላል። መብራት ሌሊቱን ቢጠፋ የትናንቱ ቻርጅ ለነገ ያደርሳችኋል።

ኮንዶሚኒየም ሲሆን ነገሩ ይለያል። ከአራተኛ ፎቅ በመስኮት ሽቦ የሚያወርዱ አይቻለሁ፤ ዝናብ ሲዘንብ ልጆች በዚያ ሥር ይጫወታሉ፣ እባካችሁ ተዉት። ማኅበሩ ለመኪና ማቆሚያው ቆጣሪ እንዲያስገባ ወጥሮ መያዝ ይሻላል። እስከዚያው ያላችሁ አማራጭ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ቦሌ የከፈተው ዓይነት። ሲጋል ከ30 ወደ 80 በመቶ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፣ ወረፋው ሳይቆጠር። በሳምንት ሦስቴ ከመሰለፍ አንዴ ሞልቶ መሰንበት ለሚፈልግ ሰው ቶዮታ ቢዚ ፎር ኤክስ ወይም ትልቁ ባትሪ ያለው ቮልስዋገን አይዲ ፎር ዋጋቸው የሚያስቆጭ አይደለም።

ስትገዙ ግን ስሙን ብቻ አትመኑ። ሲጋል ባለ 30 ኪሎ ዋት ሰዓትም አለው፣ ባለ 39ም አለው፤ ውጭውን አይቶ መለየት ከባድ ነው። የቻይናው ቢዚም 50ና 67 ገደማ አለው። ደላላው «ትልቁ ነው» ሲላችሁ በሩን ከፍታችሁ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ሰሌዳ እዩ። የባትሪው ቮልትና አምፔር ሰዓት ተጽፏል፤ ሁለቱን አባዙና ለ1000 አካፍሉት፣ ኪሎ ዋት ሰዓቱ ይወጣል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

«አዳማ ቤተሰብ አለኝ፣ ሲጋል ያደርሰኛል ወይ?» ላላችሁኝ፦ ያደርሳል። ፈጣን መንገዱ 85 ኪሎሜትር ነው፣ ሲሄዱም ቁልቁለት ይበዛል። ሐሳብ የሚሆነው መልሱ ነው። ወደ 500 ሜትር ገደማ ሽቅብ ስለሚወጣ ለከፍታው ብቻ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ በ120 ከነዳችሁ ደግሞ ነፋሱ ከዚያ የበለጠ ይወስዳል። በ90 ንዱ፣ ቤተሰብ ጋ ስትደርሱም ምሳ እስኪበላ ሰክታችሁ አቆዩት። ሐዋሳ ግን 275 ኪሎሜትር ነው። በየወሩ የሚመላለስ ሰው 60 ኪሎ ዋት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይያዝ። በዓመት አንዴ ለሚሄድ ሰው ለዚያ ብሎ ትልቅ ባትሪ መግዛት አይታየኝም፤ ያን ዕለት መኪና ቢከራይ ይረክሳል።

ራይድ ለምትሠሩ 30ውን አልመክርም። ቀኑን ሙሉ ስትዞሩ ከሰዓት በኋላ ቻርጅ ፍለጋ የሥራ ሰዓታችሁን ይበላዋል። ቢያንስ 39ውን ያዙ፣ ከቻላችሁም ከዚያ በላይ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊትም መሰኪያው የቻይናው ጂቢቲ ይሁን የአውሮፓው ሲሲኤስ ቱ ጠይቁ፤ ዘወትር በምትሄዱበት ጣቢያ ያለው ገመድ ከመኪናችሁ ጋር መግጠሙንም እዚያው ሄዳችሁ አረጋግጡ።